አፋፍ ላይ ቤት እንሥራ ወይስ ገባ እንበል?

ጥያቄው፦ «ቤተሰቦቼ ከአንኮበር ትንሽ ራቅ ብሎ አፋፍ ላይ ቦታ አላቸው። ቁልቁል እስከ አፋር ሜዳ ያሳያል። ለእናትና ለአባቴ መኖሪያ፣ ለእኛም ለበዓል መሰብሰቢያ የሚሆን ዘመናዊ ቤት ልንሠራ ነው። ወንድሜ ቦታው በኤክስካቫተር ተደልድሎ፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ጂ ፕላስ ዋን ጫፉ ላይ ይቁም ይላል። አባቴ ደግሞ አፋፍ ላይ ቤት አይሠራም፣ ገባ በሉ ብለው ሙግት ይዘዋል። እኔ የምፈልገው ከአካባቢው ተፈጥሮ ጋር የሚሄድ ቤት ነው። ድንጋይ ብናለብሰው ይበቃል? ምን ትመክሩናላችሁ?»

እህቴ፣ ከመጨረሻዋ ጥያቄሽ ልነሣ። ድንጋይ ማልበስ አይበቃም። እንዲያውም ወረፋ ይያዝ ቢባል መጨረሻ ላይ ነው የሚቆመው። ቤት ከመሬቱ ጋር የሚስማማው ወይም የሚጣላው በልብሱ አይደለም። የት ላይ ቆመ? ፊቱን ወዴት አዞረ? የነሐሴ ጎርፍ ሲመጣ በየት በኩል ሸኘው? እነዚህ ከተስተካከሉ ተራ የብሎኬት ቤትም የአገሩ ሰው ይመስላል። ካልተስተካከሉ ግን ከእግር እስከ ራሱ ጥርብ ድንጋይ ቢለብስም እንግዳ ነው።

ስለ ቦታው አባታችሁ ልክ ናቸው። ምክንያቱን ላብራራው፣ ከወንድምሽ ጋር ለመነጋገርም ይጠቅማል።

የቆማችሁበት አፋፍ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። ሲሰበርና ሲወርድ የኖረ መሬት ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ በደሴ መንገድ ባለችው ካራቆሬ ዙሪያ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷታል፤ የደሴውን መንገድም ሰንጥቆታል። በ1998 መባቻ ደብረ ሲና አካባቢ መሬት ተንዶ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ነቅሏል። በ2017 ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ እንደተሰማ ሁላችንም እናስታውሳለን። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። በዚህ መስመር ሰው ለዘመናት ኖሯል፣ ወደፊትም ይኖራል። ጥያቄው ከጠርዙ ስንት ሜትር ርቆ የሚለው ነው።

አሜሪካ ውስጥ በስፋት የሚሠራበት የሕንጻ ደንብ በቁልቁለት አናት ላይ የሚሠራ ቤት ከጠርዙ የቁልቁለቱን ከፍታ ሲሶ ያህል እንዲርቅ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀው ከፍተኛው ርቀት 12 ሜትር ነው። ይህ ግን ለተራ ተዳፋት የተጻፈ ነው። ከእናንተ እግር ሥር መሬቱ የሚወርደው ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ 12 ሜትርን መነሻ አድርጉት እንጂ መድረሻ አታድርጉት። እኔ ብሆን 30 ሜትር ገባ እልና በዚያም ላይ የጂኦሎጂ ባለሙያ አስመጥቼ አሳያለሁ። እሱ እስኪመጣ ራሳችሁ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሚሄድ ስንጥቅ አለ? ግንዳቸው ወደ ቁልቁል ያጋደለ ዛፎች አሉ? ተዳፋቱ መሃል ላይ ድንገት የሚፈልቅ ውሃ አለ? አንዱ እንኳ ካለ የሜትሩን ነገር ባለሙያው እስኪናገር ተዉት።

መሬት እንዲናድ ብዙውን ጊዜ የሚገፋው ውሃ ነው። እዚህ ላይ ዘመናዊ ቤት ከድሮው ቤት የባሰ ጣጣ ያመጣል። የድሮው ቤት ውሃ የሚገባው በእንስራ ነበር። ዘመናዊው ቤት ሻወር አለው፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አለው፣ ይህ ሁሉ ውሃ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ገብቶ ከዚያ ወደ መሬት ይሰርጋል። ማስረጊያ ጉድጓዱ በቤቱና በገደሉ መካከል ከተቆፈረ ተዳፋቱን ከውስጥ በየቀኑ ታጠጡታላችሁ ማለት ነው። ቆፋሪዎች ደግሞ እዚያ መቆፈር ይወዳሉ፤ ቧንቧው ያለ ድካም ወደ ታች ስለሚወርድ። እምቢ በሏቸው። ማስረጊያው በቤቱ ጎን፣ ከጠርዙ በደንብ የራቀ፣ አፈሩ ተፈትኖ የተመረጠ ቦታ ላይ ይሁን።

የጣራውም ውሃ ቀላል አይደለም። 180 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 5,400 ሊትር ነው፤ ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። አሸንዳ ሠርታችሁ ወደ ሮቶ አስገቡት። የተረፈውን በድንጋይ በተነጠፈ ቦይ ወደ ተፈጥሮ መፋሰሻው ምሩት። ከቤቱ በላይ በኩልም ገበሬው እርሻው ላይ እንደሚያደርገው ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ።

ሌላም ነገር አለ። በእኛ አገር ኮረብታ አናት የቤተ ክርስቲያን ነው። ከሩቅ ስታዩ ጉብታው ላይ የጽድና የወይራ ጥቁር አረንጓዴ አለ፣ መሃሉ ላይ ጉልላት ብልጭ ይላል። የገበሬው ቤት ግን ወገቡ ላይ ነው፣ ጀርባውን ለንፋሱ ሰጥቶ። የሸዋ ነገሥታት አንኮበር ጉብታ ላይ የወጡት ለጥበቃ ነው፤ ጠላት ከሩቅ እንዲታይ። እናንተ ጠላት የላችሁም። ወገቡ ሌላም ጥቅም አለው። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ይከብድና ወደ ታች ይፈሳል፣ ጎድጓዳው ላይ ይተኛል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ቀድሞ የሚመታው ለጥ ያለውንና ጎድጓዳውን መሬት ነው። አናቱን ደግሞ ንፋስ ይገርፈዋል። መካከሉ ከሁለቱም ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት ልግባ። እናንተ ቦታ ላይ ዕይታው ምሥራቅ ነው። የበጋው ንፋስም የሚመጣው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ነው፣ ጉሙም ከዚያው ከገደሉ ሥር ነው የሚነሣው። ሙቀቱ ግን ደቡብ ነው። ዕይታ ወደ አንድ በኩል፣ ሙቀት ወደ ሌላ በኩል። ብዙ ዲዛይነሮች ይህን ሳያዩ ያልፉታል፤ ቤቱን በሙሉ ወደ ዕይታው ይገትሩትና ባለቤቶቹ ጋቢ ደርበው ይኖሩበታል።

ሙቀቱ ለምን ደቡብ ሆነ? አንኮበር ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ሰሜን ነው። ታኅሣሥ ላይ፣ ያ ቀዝቃዛው ወር፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ትሆናለች። ሰኔ ላይ ደግሞ ወደ ሰሜን ተሻግራ 76 ዲግሪ ላይ፣ አናት አጠገብ ማለት ነው። እንግዲህ የደቡብ መስኮት በብርድ ወራት ፀሐይ ያስገባል፣ በሌላው ጊዜ አያስቸግርም። እንዲህ ያለ ዕድል በነጻ የተሰጠ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ክዳኑ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ካለፈ፣ ታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ጥላው 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ክዳኑ ከመስኮቱ አናት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ የመስኮቱ አብዛኛው ክፍል ፀሐይ ያገኛል። ክዳኑ ወደ 1.5 ሜትር በረንዳ ከተዘረጋ ግን ጥላው ከ2 ሜትር በላይ ይወርድና ያቺን የብርድ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ይከለክላታል። ስለዚህ በረንዳ ሥሩ፣ ግን አባትና እናታችሁ ከሚውሉበት ክፍል ፊት አይሁን።

የምመክረው ቅርጽ ኤል ሼፕ የሚባለው ነው። አንዱ ክንፍ ከገደሉ ጋር ትይዩ ሆኖ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይተኛ። ይህ የበዓል አዳራሻችሁና የምግብ ክፍሉ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ያያል። ሁለተኛው ክንፍ ከዚህኛው ሰሜናዊ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ይሂድ። እዚህ የወላጆቻችሁ መኝታ፣ ማዕድ ቤት፣ መታጠቢያና ትንሽ ሳሎን ይሁኑ፤ ሁሉም ወደ ደቡብ ያያሉ። በሁለቱ ክንፎች መካከል ከንፋስ የተከለለ ፀሐያማ ግቢ ይፈጠራል። ጠዋት ቡና የሚፈላበት፣ እህል የሚሰጣበት፣ ልጅ የሚሮጥበት ግቢ ማለት ነው። የክረምቱ ዝናብ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ እየገፋ ስለሚመጣ በረንዳው በዚህ ግቢ በኩል፣ በአዳራሹ ክንፍ ላይ ይሁን።

ይህን ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይኸው ቤተሰብ ቦታው ሸዋ ሮቢት ቢሆን ኖሮ ምክሬ በሙሉ ይገለበጥ ነበር። ያ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ነው። እዚያ ዙሪያውን ሰፊ በረንዳ፣ ንፋስ ፊት ለፊት የሚያሳልፉ መስኮቶች፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ ነበር የምለው። እነዋሪና ጅሩ ቢሆን ደግሞ ከሁሉ በፊት ስለ ጥቁሩ አፈር ነበር የማወራው፤ ክረምት የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጠቅ፣ ጥልቀት የሌለውን መሠረት የሚያነሣና የሚያወርድ አፈር ነው። ሦስቱም ሰሜን ሸዋ ናቸው። ከቴሌግራም የወረደ አንድ ፕላን ግን ሦስቱም ጋ ሲሠራ አያለሁ። ያናድዳል።

ወደ መስታወቱ። ወንድምሽ የሚያልመው ቤት በዓለም ላይ ታዋቂ ወንድሞች አሉት። ሚስ ቫን ደር ሮ የተባለው አርክቴክት አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ የሠራው የፋርንስዎርዝ ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የተጠናቀቀው፣ አራቱም ግድግዳው መስታወት ነው። ፎቶው በየአርክቴክቸር ትምህርት ቤቱ ተሰቅሏል። ያሠራችውን ሴት ግን በበጋ ሙቀቱ፣ በክረምት ብርዱ አማሯታል። ቤቱ የተሠራው ወንዝ የሚያጥለቀልቀው ሜዳ ላይ ስለነበር ከመሬት ከ1.5 ሜትር በላይ ከፍ ተደርጎ ነበር። አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ1954ም በ1996ም ወንዙ ሞልቶ ሳሎን ገባ። ተፈጥሮን በመስታወት ማየትና የተፈጥሮን ጠባይ ማወቅ ይለያያሉ።

ሌላው የፍራንክ ሎይድ ራይት ፎሊንግዎተር ነው፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. 1937። ባለቤቶቹ ፏፏቴውን ከፊት ለፊት የሚያይ ቤት ነበር የጠበቁት። ራይት ፏፏቴው አናት ላይ አስቀመጠው። ሳሎን ቁጭ ብለህ ፏፏቴውን አታየውም፣ ትሰማዋለህ። ይህን ሐሳብ እወደዋለሁ፤ ዕይታውን ሁሉ አፍሶ አለመስጠት። ነገር ግን ወደ ውጭ የተንጠለጠሉት የአርማታ ሰገነቶቹ ቀስ በቀስ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ረግበው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በብረት ገመድ ተወጥረው ነው የተረፉት። ወንድምሽ ገደሉ ላይ የሚንጠለጠል በረንዳ ማለቱ ስለማይቀር አስቀድሜ ነግሬያለሁ።

እናንተ ጋ የምሥራቅ መስታወት ሁለት ጣጣ አለው። ጠዋት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባለች፤ ዓይን ታጭበረብራለች፣ የሶፋውን ጨርቅ ታነጣለች። ማታ ደግሞ ነጠላ መስታወት ከግማሽ ሜትር የድንጋይ ግንብ ጋር ሲወዳደር ከእጥፍ በላይ ሙቀት ያስወጣል። ሰማዩ ጥርት ባለበት የኅዳር ሌሊት ያ ቤት በረዶ ቤት ነው። የወፎቹንም ነገር አትርሱ። አንኮበር በስሟ የምትጠራ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ ትንሽ ወፍ ያለባት አገር ናት። ወፍ መስታወት ላይ ሰማዩን ያያል፣ ከዚያ ይጋጫል።

ስለዚህ ለወንድምሽ አንድ መስኮት ስጡት። ስፋቱ 2.4 ሜትር፣ ቁመቱ 1.5 ሜትር፣ ድርብ መስታወት፣ የምግብ ክፍሉ ውስጥ። ሥሩ ላይ እንደ ድሮው መደብ መቀመጫ ሥሩለት። ማታ የሚዘጋ የእንጨት መከለያ ይኑረው። ሌሎቹ የምሥራቅ መስኮቶች ትንንሽ ይሁኑ፤ አንዱ ቁጭ ያለ ሰው ዓይን ልክ፣ አንዱ የተኛ ሰው ዓይን ልክ። ሙሉውን ዕይታ የፈለገ ሰው 30 ሜትር በእግሩ ሄዶ አፋፉ ላይ ይቁም። አፋፉ ባዶ ሆኖ ይቆይ፤ ጭላዳውም ያልፍበታል፣ ጎረቤትም ከብቱን ይነዳበታል።

ኤክስካቫተሩን በተመለከተ፣ መደልደል ርካሽ ይመስላል፣ አይደለም። መሬታችሁ በ12 ሜትር ውስጥ 1.8 ሜትር ይወርዳል እንበል። ሜዳ ላድርገው ካላችሁ ከላይ 90 ሳንቲ ሜትር ትቆርጣላችሁ፣ ከታች 90 ሳንቲ ሜትር ትሞላላችሁ። የቤቱ ግማሽ በተቆረጠው ጠንካራ መሬት ላይ፣ ግማሹ ሙሌት ላይ ይቀመጣል። ሙሌቱ ይወርዳል፣ ጠንካራው መሬት አይወርድም፣ ቤቱ መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ለሙሌቱ ድጋፍ ግንብ ያስፈልጋል፣ ግንቡ ደግሞ ከጀርባው ውሃ ማስወጫ ካልተደረገለት ሁለት ክረምት ላይቆይ ይችላል። ይልቅ ቤቱን እንደ እርከን ለሁለት ክፈሉት። በሁለቱ መካከል 90 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ስድስት ደረጃ ብቻ። የቁፋሮው ጥልቀት በግማሽ ይቀንሳል። ላይኛው እርከን ከመንገዱ በኩል ስለሆነ የወላጆቻችሁ ክንፍ እዚያ ይሁን፣ ከመኪና ወርደው ያለ አንዲት ደረጃ እስከ አልጋቸው ይግቡ። ለዚህ ነው ትንሽ ሳሎን እዚያው ያልኩት። ለአዳራሹ በበዓል ቀን ስድስት ደረጃ ቢወርዱ አይከፋም፤ መደገፊያ ይኑረው። ጂ ፕላስ ዋኑ እንግዲህ አያስፈልግም። ፎቅ እዚያ ላይ ንፋስ መሰብሰቢያ ነው።

ግድግዳው ላይ አሁን ስለ ድንጋይ ማውራት እንችላለን። መንዝ ውስጥ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ትንሽ በር፣ የጓሳ ሣር ክዳን፣ ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር፤ ይህ ሁሉ ብርድን ለማሸነፍ የተፈጠረ ጥበብ ነው። 50 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ቀን የወሰደውን ሙቀት ግማሽ ቀን ያህል አቆይቶ ሌሊት ይሰጣል። ብሎኬት ላይ በሲሚንቶ የተለጠፈ ስስ ድንጋይ ይህን አያደርግም፣ ፎቶ ላይ ብቻ ነው የሚመሳሰለው። ነገር ግን ካራቆሬን አትርሱ። ብረት የሌለው የድንጋይ ግንብ ሲናወጥ ይበተናል። ኮለንና ቢሙ፣ ማለትም ቋሚውና አግዳሚው፣ የአርማታ ይሁን፤ ድንጋዩ በመካከል ይሞላ፣ በመስኮቱ ሥር፣ በመስኮቱ አናትና በጣራው ሥር ዙሪያውን ማሰሪያ ቢም ይሂድ። ግድግዳውን ሁሉ በድንጋይ አትሥሩ፣ ገንዘብም አይበቃም። ደቡብ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል የኋላ ግድግዳና የምሥራቁ ግድግዳ ድንጋይ ይሁኑ፣ ሌላው ብሎኬት ይሁን።

ክዳኑን ጓሳ አድርጉት የሚሏችሁ ይኖራሉ። አልመክርም። የመንዝ ሕዝብ የጓሳ ሣር የሚበቅልበትን መሬት ለብዙ መቶ ዓመታት በራሱ ሥርዓት ዘግቶና ከፍቶ ነው ያቆየው፤ ለእኛ ዓይነቱ ትልቅ ቪላ ከዚያ መከርከም ደግ አይደለም፣ እሳትም ይፈራል። ቆርቆሮ ይሁን፣ ግን ሰማያዊና ቀይ የሚያብረቀርቀው ይቅር። ደብዘዝ ያለ ግራጫ ወይም ቡናማ ኢጋ ቆርቆሮ ምረጡ። ከቆርቆሮውና ከኮርኒሱ መካከል ግን የሙቀት መከላከያ እንዳትረሱ፤ ያለ እሱ የቤቱ ሙቀት በአናት ነው የሚያመልጠው። ጎረቤታችሁ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የሚያመርት ከተማ ናት፣ ለጣራም ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል።

አጥሩ ላይ ብዙ አልናገርም። 2 ሜትር ተኩል ብሎኬት ከነሽቦው ከዞረበት እስካሁን ያልኩት ሁሉ ከንቱ ነው። እስከ ወገብ የሚደርስ ካብ፣ ከውስጡ ቀጋና አምጃ ይበቃል። ያለውን ጽድና ኮሶ አትቁረጡ። ባሕር ዛፍ ለቤቱም ለመሠረቱም አታስጠጉ፤ ለማገዶ ከተፈለገ ራቅ ይበል።

አርክቴክት ከመቅጠራችሁ በፊት የኮንቱር ሰርቬይ፣ ማለትም የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ በመስመር የሚያሳይ ካርታ፣ አሠሩ፣ በየግማሽ ሜትሩ። ሰርቬየሩ ዛፎቹን፣ ትልልቅ ቋጥኞቹንና የጎርፉን መሄጃ እንዲያስገባ ንገሩት፣ ካልተነገረው ይተዋቸዋል። አባታችሁም አብረውት ይዙሩ፤ ውሃው በየት እንደሚመጣ ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ዲዛይኑ ሲመጣ ሰሜን የት እንደሆነ የሚያሳየውን ቀስት መጀመሪያ ፈልጉ፤ ከሌለ መልሱት። ከዚያ የሴፕቲክ ታንኩንና የማስረጊያውን ቦታ እዩ። እነዚህ ፕላኑ ላይ ሳይቀመጡ አትፈርሙ።